ቀይ ሬጅመንት፣ ቀይ ያልሆኑ ኮቶች

ቅዳሜ፣ አንደኛ ሳምንት

ሳጥኑን ዛሬ ከፈትኩት። ውስጡ ያሉት የፕላስቲክ ወታደሮች ቁመታቸው 28 ሚሊ ሜትር ነው፤ ከአውራ ጣቴ አይረዝሙም። በ1640ዎቹ፣ ንጉሥ ቀዳማዊ ቻርልስና ፓርላማው በተዋጉበት ጊዜ የነበሩ እንግሊዞች ናቸው። (ዓመቱንም ወሩንም ቀኑንም የምጽፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።) 20 ሰው እቀባለሁ። 12 ሙስኬት (የዘመኑን ረጅም ጠመንጃ) የያዙ፣ 6 ረጅም ጦር የያዙ፣ አንድ ባንዲራ ያዥ፣ አንድ ከበሮ መቺ። በዚያ ዘመን ለአንድ ጦረኛ (ጦር ያዥ) ሁለት ሙስኬት ያዥ የማሰለፍ ልማድ ስለነበር ነው እንዲህ የከፈልኳቸው።

ልቀባ ያሰብኩት የለንደንን ሚሊሺያ ነው። ትሬንድ ባንድስ ይሏቸዋል። ሱቅ ያላቸው፣ ሙያ ያላቸው፣ ቤተሰብ የሚያስተዳድሩ የከተማ ሰዎች ናቸው። በተቆረጠላቸው ቀን መሣሪያ ይዘው ይወጣሉ፣ ይለማመዳሉ፣ ማታ ቤታቸው ይገባሉ። ከተማው አደጋ ላይ ሲወድቅ ደግሞ ይሰለፋሉ።

ለምን እነሱን መረጥኩ? የምሠራው ለንደን ውስጥ፣ ባንሂል ፊልድስ አጠገብ ነው። ዝናብ በሌለበት ቀን ምሳዬን የምበላው እዚያ አሮጌ መቃብር ውስጥ ካሉት አግዳሚ ወንበሮች በአንዱ ላይ ነው። ከዚያ ማዶ አንድ ሰፊ የሣር ሜዳ አለ። መሬት እንዲህ በተወደደበት ከተማ መሃል ማንም ሕንፃ ያልሠራበት ሜዳ። የማን እንደሆነ የጠየቅኩት ከዓመታት በኋላ ነው። የኦነረብል አርቲለሪ ካምፓኒ፣ የአንድ አሮጌ የጦር ማኅበር ነው፤ ከ1641 ጀምሮ የነሱ ነው። የለንደን ሚሊሺያ መኮንኖች የጦር ትምህርት የቀሰሙት እዚያ ነበር። በግንቦት 1642 ደግሞ እዚሁ አካባቢ፣ ፊንስበሪ ሜዳ ላይ፣ 8,000 የሚሆኑ የከተማ ሰዎች በ6 ሬጅመንት (የጦር ክፍል) ተሰልፈው ታይተዋል። ይሄን ካወቅኩ በኋላ እዚያ ቁጭ ስል ያለነሱ ሜዳውን ማየት አልቻልኩም። ዳቦ ጋጋሪ፣ ልብስ ሰፊ፣ ወርቅ አንጥረኛ ጎን ለጎን ቆመው ይታዩኛል።

ስድስቱ ሬጅመንቶች ቀይ፣ ነጭ፣ ቢጫ፣ ሰማያዊ፣ አረንጓዴና ብርቱካን ይባሉ ነበር። ቀዩን ያዝኩ።

እሑድ

ከፍሬሙ እየቆረጥኩ አጣበቅኩ። ፕራይመሩን፣ ከቀለሙ በፊት የሚነፋውን መደብ፣ በረንዳ ላይ ወጥቼ ነፋሁ። አየሩ እርጥብ ነበር፤ ቀለሙ ሰውየው ላይ ሳይደርስ መንገድ ላይ ደረቀና ሦስቱ ላይ ገጹ አሸዋ የተነሰነሰበት መሰለ። በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ፈግፍጌ አለሰለስኳቸው። ለንደን ውስጥ በእርጥብ ቀን ፕራይመር መነፋት የለበትም። ቤት ውስጥ በብሩሽ የሚቀባውን ብጠቀም ይሻለኝ ነበር።

ማክሰኞ ማታ

12 ኮት ቀይ ቀባሁ። ደማቅ ቀይ፣ ከጠርሙሱ እንደወጣ። ሳጥኑ ላይ ያለው ሥዕልም እንደዚያ ነው። ሬጅመንቱም ቀይ ነው የሚባለው። ጠረጴዛው ላይ ሲደረደሩ ያምራሉ፤ ግን አንድ ነገር ከነከነኝ። 12ቱም አንድ ሰው ሆኑ። ዳቦ ጋጋሪውም ወርቅ አንጥረኛውም ጠፉ።

ሐሙስ

አሁን ገባኝ። ቀይ የሚባለው ባንዲራው ነው። ኮቱ አይደለም።

በ1642 ከተማው ሚሊሺያውን እንደገና ሲያደራጅ 40 የሻምበል ጦር አደረገው፤ እያንዳንዱ 200 ሰው። 40ውን ለ6 ሬጅመንት አከፋፈለ። ሬጅመንቱን ከሬጅመንት የሚለየው የሐር ባንዲራው መደብ ቀለም ነው። ሰውየው የሚሰለፈው ግን በገዛ ልብሱ ነው። ሱቁ ውስጥ የሚለብሰውን፣ ወይም ለእሑድ ቤተ ክርስቲያን ያስቀመጠውን፣ ወይም ለሜዳ ይሆናል ያለውን አሮጌ ለብሶ ይመጣል። አቅሙ የፈቀደለት ከላዩ ወፍራም የቆዳ ኮት ይደርባል።

ሁሉም ቀይ ኮት ለብሶ የሚሰለፍበት ጊዜ ደግሞ በኋላ ነው የመጣው። በ1645 ፓርላማው ኒው ሞዴል አርሚ የሚባለውን ጦር ሲያቋቁም ነው ለእግረኛው ሁሉ ቀይ ኮት ያዘዘው። ከዚያ በፊት እንኳ በደሞዝ በተቀጠረው ጦር ውስጥ ቀለሙ እንደ ኮሎኔሉ ምርጫ ነበር። የጆን ሃምፕደን ሰዎች አረንጓዴ ይለብሱ ነበር። የሎርድ ብሩክ ሰዎች ወይን ጠጅ። ከንጉሡ ወገን የኒውካስል መስፍን ያሰለፋቸው ደግሞ ያልተነከረ ነጭ ሱፍ ይለብሱ ነበርና ነጭ ኮቶች ተባሉ፤ በሐምሌ 1644 ማርስተን ሙር ላይ አብዛኞቹ አለቁ። የሳጥኑ ሥዕል እንግዲህ ለ1645 ወታደር ልክ ነው። ለኔ ሰዎች ግን አይሆንም።

ስለዚህ 12ቱን ማጠብ ሊኖርብኝ ነው።

ዓርብ

አይሶፕሮፒል አልኮል ውስጥ ነከርኳቸውና ከግማሽ ሰዓት በኋላ በጥርስ ብሩሽ ፈተግኳቸው። አክሪሊክ ቀለም እሺ ብሎ ይለቃል። እጥፋቱ ውስጥ ትንሽ ቀይ ቀርቷል፤ ፕራይመር ሲደረብበት ይጠፋል። መስኮት ከፍቼ፣ ጓንት አድርጌ ነው የሠራሁት።

ቅዳሜ፣ ሁለተኛ ሳምንት

ዛሬ አንድም ሰው አልቀባሁም። ቀኑን ሙሉ ቀለም ስቀላቅል ዋልኩ። ከዚህ ሁሉ ሥራ የወደድኩት ቀን ይሄ ነው።

ሃሳቤ ቀላል ነው። የዚያ ዘመን ቀለም ነካሪ እጁ ላይ የነበረው ጥቂት ነገር ነው። እሱ ሊያወጣ የማይችለውን ቀለም እኔ ሰውየው ላይ አልቀባም።

ለቀይ ማደር የሚባል ተክል ሥር ነበረው። ሱፉ መጀመሪያ በሸብ ይቀቀላል፤ ያለ ሸብ ቀለሙ አይዝም። ከዚያ በማደሩ ይነከራል። የሚወጣው ቀይ ወደ ጡብ የሚያደላ፣ ሞቅ ያለ፣ ትንሽ ብርቱካን ያለበት ነው። እኔ ማክሰኞ የቀባሁት ደማቅ ቀይ ከኮቺኒል ነው የሚገኘው፤ ከአሜሪካ በመርከብ ከሚመጣ ትንሽ ነፍሳት። ኮርኔሊስ ድሬበል የሚባል ሆላንዳዊ በዚያው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አካባቢ ከቆርቆሮ ጋር ሲቀላቀል እንዴት እንደሚያበራ አገኘ። ከዚያም ለንደን አጠገብ ቦው በሚባል ቦታ እንዲህ እየተነከረ ሲወጣ በሰፈሩ ስም የቦው ቀለም ተባለ። ውድ ነው። የኮሎኔል ልብስ ነው። የዳቦ ጋጋሪ አይደለም።

ለማደር ቀይ ያገኘሁት ቅልቅል ይሄ ነው፦ ሁለት እጅ ጠቆር ያለ ቀይ፣ አንድ እጅ ቀይ ቡኒ፣ ጫፍ የምታህል ብርቱካን። ብርሃን ለሚያርፍበት ቦታ ነጭ አትጨምሩ፤ ጽጌረዳ ይሆናል። የቆዳ ቀለም ወይም ቢጫማ አፈርማ ነው የሚጨመረው።

ለሰማያዊ ዎድ የሚባል ቅጠል አለ። ጥልቅ ሰማያዊ ለማውጣት ጨርቁን ደጋግሞ መንከር ያስፈልጋል፤ በደገሙ ቁጥር ዋጋው ይጨምራል። ስለዚህ የሰማያዊው ጥልቀት የኪስ ነገር ነው። ሀብታሙን ጠቆር አድርጌ፣ ድሀውን ፈዘዝ አድርጌ ቀባሁ። ከኤልሳቤጥ ዘመን ጀምሮ ሰማያዊ የአገልጋይ ኮት ቀለም ነበር። ክራይስትስ ሆስፒታል የተባለው ትምህርት ቤት ተማሪዎች ከዚያው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ረጅም ሰማያዊ ኮትና ቢጫ ካልሲ ይለብሳሉ፤ ዛሬም። ስለዚህ ከ20ዎቹ ሁለቱን ወጣቶች ሰማያዊ አለበስኳቸው።

ለቢጫ ዌልድ የሚባል ተክል አለ። አረንጓዴ ብቻውን የሚሰጥ ተክል በእጃቸው አልነበረም። መጀመሪያ በዎድ ሰማያዊ፣ ከዚያ በዌልድ ቢጫ ይነከራል። እዚህ ላይ ለቀቢ የሚጠቅም ነገር አለ። የዌልድ ቢጫ ፀሐይ ቶሎ ትበላዋለች፤ ሰማያዊው ይቆያል። አሮጌ አረንጓዴ ኮት ትከሻው ላይ ወደ ሰማያዊ ይሄዳል ማለት ነው። ሙዚየም ውስጥ ያሉ የዘመኑ የግድግዳ ምንጣፎች ላይ ዛፎቹ ሰማያዊ የሆኑት በዚህ ምክንያት ነው። የአንዱን ጦረኛ ኮት እንዲሁ አደረግኩት፦ ብብቱና እጥፋቱ ውስጥ አረንጓዴ፣ ትከሻው ላይ አረንጓዴ ያረጀበት ሰማያዊ። ውጤቱን ሳይ ደስ ብሎኝ ባለቤቴን ጠርቼ አሳየኋት።

ከሁሉም የሚበዙት ግን ደብዛዛዎቹ ናቸው። ቡኒ፣ ዳማ፣ አፈርማ፣ ጠቆር ያለ ግራጫ። እንግሊዞች ሳድ ከለር ይሏቸው ነበር። ሳድ ዛሬ ኀዘን ነው፤ ያኔ ግን ደብዘዝ፣ ጠቆር ያለ ቀለም ማለትም ነበር። ቀጥሎ ያልተነከረ ሱፍ አለ። በጉ በተፈጥሮው የለበሰው ቀለም። ዳለቻ፣ ቡላ፣ ገብስማ። የመንዝ ባና ያየ ሰው ይሄን በደንብ ያውቀዋል፤ ጥቁሩ ሱፍ ከቡኒው ሲቀላቀል አንድ ስም የማይበቃው ቀለም ይወጣል። ለዚህ አንድ ጠርሙስ ግራጫ አይበቃም። ግራጫ ላይ ትንሽ ቡኒ፣ ትንሽ ክሬም እየጨመርኩ ለእያንዳንዱ ሰው ለየብቻ ቀላቀልኩ።

ጥቁር ላይ መጠንቀቅ አለብን። የፓርላማው ሰው ሁሉ ጥቁር ለባሽ ነበር የሚል ሥዕል በብዙዎቻችን ጭንቅላት ውስጥ አለ። ጥሩ ጥቁር ግን ውድ ነበር። መጀመሪያ በዎድ፣ ቀጥሎ በማደር፣ ከዚያ በላይ ደግሞ ከዛፍ እባጭና ከብረት በሚሠራ ቀለም ይነከራል። ርካሹ ጥቁር እባጩና ብረቱ ብቻ ነው፤ እሱ ደግሞ ሲያረጅ ቡኒ ይሆናል፣ ጨርቁንም ይበላል።

እሑድ

ለ20ዎቹ ሰዎች ስም አላወጣሁም፤ ሥራ ግን ሰጠኋቸው። በወረቀት ጻፍኩ። ሥጋ ሻጭ፣ ሸማኔ፣ ባርኔጣ ሠሪ፣ የወይን ነጋዴ፣ መጽሐፍ ሻጭ፣ የዓሣ ነጋዴ፣ አናጢ፣ ሙያ ተማሪ። ከዚያ በኪሱ ልክ አለበስኩት። ኮቱ አንድ ቀለም፣ ቁምጣ ሱሪው ሌላ፣ ረጅም ካልሲው ሌላ። ከላይ እስከ ታች አንድ ቀለም የለበሱት ሁለት ብቻ ናቸው፤ የወይን ነጋዴውና ባንዲራ ያዡ። እነሱ ባንድ ጨርቅ ሙሉ ልብስ የሚያሰፉ ናቸውና።

ሰኞ

ሠፈራችን አንድ ሐበሻ ልብስ ሰፊ አሉ። አዲስ አበባ ከ30 ዓመት በላይ ሰፍተው ነው እዚህ የመጡት። የሱሪዬን እግር ላሳጥር ሄጄ አንዱን ወታደር ከኪሴ አወጣሁና መነጽራቸውን እስኪያደርጉ ጠበቅኩ።

"ጋሼ፣ ጥቁር ልብስ ሲያረጅ መጀመሪያ የት ነው የሚለቀው?" አልኳቸው።

"ትከሻው ላይ ነዋ። ፀሐዩን የሚችለው እሱ አይደል? ከዚያ ክርን፣ ከዚያ ጉልበት። ብብቱን ገልጠህ ብታየው ግን ትናንት የተሰፋ ነው" አሉኝ።

ወታደሩን አገላብጠው አዩት። ሙያ ተማሪ ያደረግኩት ልጅ ነው።

"ይሄ ልጅ፣ ኮቱ የራሱ ነው?"

"የራሱ ይመስለኛል።"

"አይደለም። እጅጌውን እየው፣ እጁን ሸፍኖታል። የሰው ኮት ነው የለበሰው።"

ቀራጩ እጅጌውን ረጅም አድርጎ ሠርቶታል። እኔ ከሳምንት በላይ እጄ ላይ ይዤው አላየሁትም። ቤት ስገባ ነገሩን ተከታተልኩት። በዚያ ዘመን ለንደን ውስጥ የሰልባጅ ንግድ ትልቅ ነበር። ስሚዝፊልድ አጠገብ ሎንግ ሌን የሚባል መንገድ በአሮጌ ልብስ ሻጮች የታወቀ ነበር። ጌታው የጣለውን አገልጋዩ ይለብሳል፣ አገልጋዩ የሸጠውን ሙያ ተማሪው ይገዛል። ስለዚህ ልጁ የአንድ ሀብታም የነበረ ኮት ለበሰ። አንድ ጊዜ ጥሩ ጥቁር የነበረ፣ አሁን ትከሻውና ክርኑ ዳማ የሆነ። ብብቱን ጥቁር አድርጌ ተውኩት። ቁልፎቹ ግን የብር ናቸው፤ አንዱ ጠፍቶ በእንጨት ተተክቷል። አንዷን ነጥብ ቡኒ ለማድረግ 20 ደቂቃ ፈጀብኝ።

ረቡዕ

የቆዳ ኮት። አምስት ሰው ላይ አለ። በዘይት የተለፋ ወፍራም የከብት ቆዳ ነው፤ ቀለሙ ከክሬም እስከ ሞቅ ያለ ቢጫማ። በ1640 የተጻፈ አንድ ደብዳቤ ደህናው ከ10 ፓውንድ በታች አይገኝም ይላል። የእግረኛ ወታደር ደሞዝ በቀን 8 ሳንቲም ነበር፤ በዚያን ጊዜ አንድ ፓውንድ 240 ሳንቲም ነው። 300 ቀን ሠርቶ፣ ምንም ሳይበላ። ይሄን ካሰላሁ በኋላ ከአምስቱ ሦስቱን በጨርቅ ኮት ቀለም ቀይሬ ቀባኋቸው። የቀሩት ሁለት ባንዲራ ያዡና የወይን ነጋዴው ናቸው።

ቅቡ፦ መጀመሪያ ቢጫማ አፈርማ፣ ከዚያ ቀጭን የቡኒ ዋሽ (በውሃ የቀጠነ ቀለም)፣ ሲደርቅ ክሬም ጠርዙ ላይ። ሆዱ አካባቢ የጎራዴ ማንገቻው የሚፈትገውን ቦታ ጨለም አደረግኩት።

ሐሙስ

ሸሚዝና ኮሌታ። ተልባ ነው፤ ፀሐይ ላይ ተዘርግቶ ነው የሚነጣው። ንጹሕ ነጭ የሰጠሁት ለጫፉ ብቻ ነው። መደቡ ቀለል ያለ ግራጫ ነው።

ጸጉር፦ ግማሹን ረጅም፣ ግማሹን አጭር። የለንደን ሙያ ተማሪዎች አጭር ጸጉር ነው ክብ ራስ የሚለውን ስድብ ያመጣው፤ ነገር ግን የፓርላማው ሰው ሁሉ ጸጉሩን አልተቆረጠም።

ቅዳሜ፣ ሦስተኛ ሳምንት

መሣሪያ ቀን።

ከሳጥኑ የመጡት ጦሮች አጭርና ወፍራም ናቸው። የዚያ ዘመን ረጅም ጦር 16 ጫማ ነበር፤ ወደ 4.9 ሜትር። በኔ መለኪያ አንድ ሰው 56 ጊዜ አንሷል፤ ስለዚህ ጦሩ 87 ሚሊ ሜትር መሆን አለበት። የብረት ሽቦ ገዝቼ ቆረጥኩ። ሁለቱን ሆን ብዬ አሳጠርኳቸው፤ ወታደሮች በጉዞ ላይ ሲከብዳቸው ጫፉን ይቆርጡት ስለነበር። እንጨቱ አመድማ ቡኒ ነው፤ አሽ ከሚባል ዛፍ ነው የሚሠራው። ሽቦው እጅ ይወጋልና ጫፉን በሞረድ ማደንዘዝ ያስፈልጋል። ይሄን የተማርኩት በጣቴ ነው።

የጦረኞቹ ጥሩርና የራስ ቁር ላይ አንድ ዓይነት ብረት አላደረግኩም። ዝገት እንዳይዘው ጥቁር ቀለም ይቀቡት ነበር፤ ብልጭ አድርገው የሚወለውሉትም ነበሩ። አራቱን ጥቁር፣ ሁለቱን ብርማ አደረግኩ። ጥቁሩ ላይ ጠርዙ ተፍቆ ብረቱ እንዲታይ በስፖንጅ ቁራሽ ነካ ነካ አደረግኩት።

የሙስኬት ያዦቹ ዝናር ላይ ትንንሽ የእንጨት ጠርሙሶች ተንጠልጥለዋል፤ በየአንዳንዱ ለአንድ ጥይት የሚበቃ ባሩድ አለ። በ1645 የኒው ሞዴል ዝናሮች ሲታዘዙ ጠርሙሶቹ ሦስት ጊዜ ዘይት ተቀብተው ሰማያዊ እንዲሆኑ፣ ገመዱም ሰማያዊና ነጭ እንዲሆን ተጽፏል። ብዙ ሰው ይሄንን ይዞ የሁሉንም ዘመን ጠርሙስ ሰማያዊ ይቀባል። የኔ ሰዎች ከ1645 በፊት ስለሆኑ ቀላቀልኩት። አንዳንዱ የእንጨት መልክ፣ አንዳንዱ ጥቁር፣ ሁለቱ ላይ ብቻ ሰማያዊ።

ክሩን አትርሱት። ሙስኬቱ የሚተኮሰው በሚጨስ ክር ነው፤ ሁሉም ግራ እጁ ላይ ጠቅልሎ ይይዘዋል። ክሩ ጥቁር ወይም ቀይ አይደለም። የተልባ ወይም የቃጫ ገመድ ነው፤ ክሬምማ ግራጫ። ጫፉ ላይ አንዲት ብርቱካን ነጥብ፣ ከኋላዋ አመድ።

እሑድ

ባንዲራው። ቀዩ እዚህ ነው ያለው።

የሌተና ኮሎኔሉን መረጥኩ። በዘመኑ ልማድ የኮሎኔሉ ባንዲራ ምንም የሌለበት ነው፤ የሌተና ኮሎኔሉ ላይ ግንዱን ተጠግቶ፣ ከላይ ጥግ ላይ፣ በነጭ መደብ የተሠራ ቀይ የቅዱስ ጊዮርጊስ መስቀል አለ። እውነተኛው ወደ ሁለት ሜትር በሁለት ሜትር ነው። በኔ መለኪያ 35 ሚሊ ሜትር ካሬ ሆነ። ስስ ወረቀት ላይ ሁለት ጊዜ አስተያይቼ ሣልኩት፣ በሽቦው ዙሪያ አጥፌ አጣበቅኩት፤ ሙጫው ሳይደርቅ እርሳስ ላይ ጠቅልዬ እጥፋት ሰጠሁት።

የማክሰኞው ደማቅ ቀይ እዚህ ቦታውን አገኘ። ሐር ከሱፍ ይበልጥ ያበራል። ስለዚህ ባንዲራው ከኮቶቹ ሁሉ ይበልጥ መድመቅ አለበት። ከ20ዎቹ መካከል የማደር ቀይ ኮት የለበሱ ሦስት አሉ። ከባንዲራው አጠገብ ሲቆሙ ቡኒ ነው የሚመስሉት። ማክሰኞ 12ቱን ሁሉ በደማቅ ቀይ ብቀጥል ኖሮ ባንዲራው ከኮቶቹ መሃል ጠፍቶ ይቀር ነበር።

የባንዲራ ያዡ መቀነት ብርቱካንማ ዳማ ነው። የፓርላማው ጦር አዛዥ የኤሴክስ መስፍን ቀለም ነውና።

ረቡዕ

ጭቃ ላይ እያሰብኩ ነው። እነዚህን ሰዎች የት እንዳሉ መወሰን አለብኝ። ሜዳ ላይ ሊለማመዱ ወጥተው ከሆነ ካልሲያቸው ንጹሕ ነው። በኅዳር 1642 ተርንሃም ግሪን ላይ ከሆኑም እንዲሁ፤ ያን ቀን ለንደንን ለመከላከል 24,000 ያህል ሰው ተሰልፎ ንጉሡን መለሰው። ከቤታቸው ብዙም አልራቁም ነበር። የከተማው ሴቶች ምግብና መጠጥ በጋሪ ጭነው ልከውላቸዋል። ዛሬ ቦታው የምድር ባቡር ጣቢያ ስም ነው፤ ስንት ጊዜ አልፌበታለሁ።

እኔ ግን 1643ን መረጥኩ። በነሐሴ መጨረሻ ቀይና ሰማያዊ ሬጅመንት ከሦስት ረዳት ሬጅመንቶች ጋር ከለንደን ተነሡ። ንጉሡ የከበባትን ግሎስተር ነፃ ለማውጣት። ሱቁን ዘግቶ አገር አቋርጦ መሄድ ለከተማ ሚሊሺያ ትልቅ ነገር ነው። የዚሁ ቀይ ሬጅመንት ሳጅን የነበረው ሄንሪ ፎስተር ጉዞውን ጽፎ በዚያው ዓመት አሳትሞታል። ግሎስተር አጠገብ ኮረብታ ላይ ንፋስና ዝናብ ሲቀጠቅጣቸው ያለ መጠለያ ያደሩበትን ሌሊት ይተርካል። በመስከረም 20 ኒውበሪ ላይ ንጉሡ መንገዳቸውን ዘጋ። ቀይ ሬጅመንት ክፍት ሜዳ ላይ ቆሞ የመድፍ ድብደባ ተቀበለ፤ አልተበተነም። ከንጉሡ ወገን የነበረው ክላረንደን እንኳ ስለ ለንደን ሰዎች ጽናት በአድናቆት ጽፏል። የሐር ባንዲራ ሥር የቆመው መጽሐፍ ሻጭና ዓሣ ነጋዴ ነው ይሄን ያደረገው።

ስለዚህ ጭቃ አለ፤ የአንድ ወር ጭቃ። የኮትስዎልድ ኮረብታ ድንጋዩ ኖራማ ነው፤ ጭቃው ሲደርቅ ፈዛዛ ክሬም ይሆናል። ጥቁር ቡኒ ጭቃ ቀባሁና አጠፋሁት። መጀመሪያ እርጥቡን ቡኒ ጫማው ላይ፣ ከዚያ የደረቀውን ፈዛዛ ካልሲው ላይ እስከ ጉልበት በደረቅ ብሩሽ። ኮት ጫፍ ላይ ትንሽ። የከበሮ መቺው ካልሲ አንዱ ወርዷል፤ ቀራጩ ነው የሠራው፣ እኔ ጭቃውን ብቻ ጨመርኩበት።

ጭቃው በቀለሙ ላይ ያለውን ልዩነት ሁሉ ወደ አንድ ቀረብ አደረገው። 20ው ሰው 20 ዓይነት ለብሶ፣ ከጉልበት በታች አንድ ሆነ። ይሄን አላቀድኩትም።

ቅዳሜ፣ አራተኛ ሳምንት

ቫርኒሽ። ሱፍ ስለማያበራ ማት ነው የተጠቀምኩት። ለተወለወለው ጥሩርና ለባንዲራው ብቻ ትንሽ የሚያበራ በብሩሽ ደረብኩ። ዛሬ አየሩ ደረቅ ነበር፤ ምንም አልነጣም።

እሑድ

አንድ ነገር ቀርቶኝ ነበር። ሁሉም የየራሱን ልብስ ለብሶ ጓድን ከጠላት በምን ይለዩ ነበር? በየውጊያው ምልክት ይስማማሉ። ኒውበሪ ላይ የፓርላማው ሰዎች ባርኔጣቸው ላይ የለመለመ ቅጠል ሰክተው ነበር።

ለዚህ የሚሆን ቅጠል ከወጥ ቤት ነው ያገኘሁት። የደረቀ ጦስኝ። ቅጠሉ አንድ ሁለት ሚሊ ሜትር ስለሆነ ለ28 ሚሊ ሜትር ሰው ልክ ነው። ባለቤቴ ለሻይ የምትሆን እንዳላስጨርስባት አስጠንቅቃኝ አንዲት ቁንጥር ሰጠችኝ። ጦስኝ ሲደርቅ ይጠወልጋልና በአረንጓዴ ቀለም ነክሬ አደረቅኩት፤ ከዚያ በወረንጦ አንድ በአንድ ባርኔጣው ጥለት ውስጥ በሙጫ ሰካሁ። የራስ ቁር ላላቸው ጦረኞች መንጠልጠያው ላይ።

20ኛው ሙያ ተማሪው ልጅ ነበር። ባርኔጣ የለውም፤ የሹራብ ቆብ ነው ያደረገው። ቆቡን በመርፌ ወጋሁና ከሁሉም ትልቁን ቅጠል እዚያ ተከልኩለት። እጅጌው አሁንም እጁን እንደሸፈነ ነው።